ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ቀላል ሊኑክስ እንዴት ይጫናል?

«ላፕቶፔ አርጅቶ ይንቀረፈፋል፤ ቀለል ያለ ነገር ልጫንበት፣ የቱ ይሻለኛል?» ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው ጨምሯል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕ ብዙ የቆዩ ማሽኖች ላይ የለም። ለእነዚህ ማሽኖች የምመክረው ሊኑክስን ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ስርዓተ ክወና ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የምመልሰውን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

መልሴ ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል፦ ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ ስንት ነው? የሊኑክስ ስም ዝርዝር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ይህችን ቁጥር እወቁ። ቀሪው እሷን ተከትሎ ይመጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተሩ ከነቻርጀሩ። ያረጀ ባትሪ መሃል ላይ ከከዳ የተጀመረው ጭነት ይበላሻል።
- ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ ባዶ አድርጉት።
- ፋይሎቻችሁን የምትገለብጡበት ሌላ ዲስክ ወይም ሌላ ፍላሽ።
- ኢንተርኔት። የሊኑክስ ሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ያንሳሉ።
- ስልክና የዳታ ገመድ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ኢንተርኔት የምታገኙት በዚህ ነው።
- ሁለት ሰዓት የሚሆን ጊዜ። አስቸኳይ ሥራ ባለባችሁ ቀን አትጀምሩት።

1. ማሽኑን እወቁ

ዊንዶውስ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ውስጥ ግቡ። ሁለት ነገር ጻፉ፦ የራሙን መጠንና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን።

«ሲስተም ታይፕ» ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስመሩ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የተጫነውን ዊንዶውስ ይናገራል፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰሩን። 32 ቢት የድሮው ዓይነት ነው፤ 64 ቢት አዲሱ። «32 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስ64 ፕሮሰሰር» የሚል ካያችሁ ማሽኑ 64 ቢት ነው፤ 32 ቢት የሆነው ላዩ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ብቻ ነው። የምታወርዱትም የ64 ቢቱን ይሆናል። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብበው ደህናውን ላፕቶፕ ያለ ምክንያት በ32 ቢት ያሰሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ዊንዶውሱ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ነው። ማሽኑ ሲበራ በአብዛኛው ኤፍ2 ወይም ዲሊት መጫን ነው። የራሙ መጠን እዚያም ይታያል።

2. የሚስማማውን ምረጡ

አንዱን ሊኑክስ ከሌላው ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው በዋናነት ዴስክቶፑ ነው፤ ማለትም መስኮቱን፣ ሜኑውንና የታችኛውን አሞሌ የሚስለው ክፍል። ከሥሩ ያለው ሞተር በሁሉም ዘንድ ያው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ስምና ዴስክቶፕ አንድ ላይ ነው።

ራሙ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር ጫኑ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሜኑው ከታች በግራ ነው፤ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው አይጠፋበትም። አምራቾቹ 2 ጊጋባይትም ይበቃዋል ይላሉ። ይነሣል፣ ይሠራል። ግን ብሮውዘር ስትከፍቱ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ራሙ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ከሆነ ኤምኤክስ ሊኑክስን በፍላክስቦክስ እትሙ ሞክሩ። መልኩ የቆየውን ዊንዶውስ እንዲመስል የሚፈልግ ደግሞ ኪው4ኦኤስን ትሪኒቲ ከተባለው ዴስክቶፕ ጋር ይያዝ።

ራሙ 1 ጊጋባይት አካባቢ ወይም ማሽኑ በእርግጥ 32 ቢት ከሆነ አንቲኤክስን እመክራለሁ። ሃርድ ዲስኩ ሞቶ ማሽኑ ብቻ የቀረ እንደሆነ ፓፒ ሊኑክስ አለ። ራሱን ከፍላሹ ወደ ራም ገልብጦ ስለሚሠራ ዲስክ አያስፈልገውም።

ስለ 32 ቢት ማሽን እውነቱን ልንገራችሁ። የብዙ ሊኑክሶች መሠረት የሆነው ዴቢያን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ አላዘጋጀም። ፋየርፎክስም ከ144ኛው እትም በኋላ ለ32 ቢት ሊኑክስ አይወጣም። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሙዚቃ ለመስማት፣ ለልጅ የኪቦርድ መለማመጃ ይሆናል። የይለፍ ቃል የምታስገቡባቸውን ገጾች ግን ሌላ ማሽን ላይ ክፈቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ያዙ። ስርዓተ ክወናው የቱንም ያህል ቢቀል ድረ ገጾቹ አይቀሉም። በ1 ጊጋባይት ራም የሚነሣ ሊኑክስ፣ ቪዲዮ የሞላበት ገጽ ሲከፈትበት ያው ስታክ ያደርጋል።

3. ፋይላችሁን አውጡ

ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ላፕቶፕ ስጭን «ሁሉንም ገልብጫለሁ» ስላለኝ አምኜ ዲስኩን አጸዳሁት። የሠርጉ ፎቶዎች የነበሩት ዴስክቶፑ ላይ ባለ «አዲስ ፎልደር» በሚል ፎልደር ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምትኬውን በገዛ ዓይኔ ሳላይ ጭነት አልጀምርም።

የምታዩዋቸው ቦታዎች፦ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ የተፈጠሩ ፎልደሮችና ዲ ድራይቭ ካለም እሱ። ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና ቡክማርኮችም አሉ፤ እነሱ ሁልጊዜ ይረሳሉ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሦስት አራት ፋይል ክፈቱ። መገልበጡና መከፈቱ ለየቅል ናቸው።

4. ፋይሉን አውርዱና መርምሩ

ሁልጊዜ ከራሱ ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርዱ። የምታገኙት መጨረሻው አይኤስኦ የሚል አንድ ትልቅ ፋይል ነው። በዚያው ገጽ ላይ ኤስኤችኤ256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ተጽፏል። እሱንም ያዙ።

ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ካላችሁ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» ከሚለው ውስጥ ኤስኤችኤ256ን ምረጡ። የሚወጣው ሰንሰለት ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ፋይሉ ሲወርድ ተጎድቷል፤ እንደገና አውርዱት። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባችሁ ጭነቱ 70 በመቶ ላይ ሲቆምባችሁ ነው። የተጎዳ ፋይል የሚያመጣው ስህተት ዲስኩ የተበላሸ ያስመስላል፤ ሰውም ደህናውን ዲስክ አውጥቶ ይጥላል።

5. ፍላሹን አዘጋጁ

ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ ፔስት ማድረግ አይሠራም። ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ የመነሻው ክፍልም አብሮ መጻፍ አለበት። ለዚህ ሩፈስ ወይም ኤቸር የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ተጠቀሙ። ሩፈስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ኤቸር ሊኑክስና ማክ ላይም አለ።

ሩፈስን ከመረጣችሁ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለውን ኤምቢአር አድርጉት። የቆየው ባዮስም ሆነ እሱን የተካው አዲሱ ዩኢኤፍአይ በዚህ ይነሣሉ። «ስታርት» ስትሉ በምን መንገድ ልጻፍ ብሎ ቢጠይቃችሁ ራሱ የሚመክረውን የአይኤስኦ መንገድ ተቀበሉ። ፍላሹ ኋላ አልነሣ ካለ ተመልሳችሁ ዲዲ በሚለው ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ሌሎች ፍላሾችንና ውጫዊ ዲስኮችን ሁሉ ንቀሉ። የምትኬ ዲስካችሁ እዚያው ተሰክቶ ከሆነና በስህተት እሱን ከመረጣችሁ በደረጃ 3 ያዳናችሁትን ሁሉ በደቂቃ ታጠፉታላችሁ።

6. ከፍላሹ አስነሡ

ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ፍላሹን ሰኩ፣ አብሩ። ወዲያው የመነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። አንዴ ተጭኖ መያዝ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ዴል፣ ሌኖቮ፣ ቶሺባና ኤሰር ላይ በአብዛኛው ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይ ኤፍ12 መልስ ካልሰጠ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ቡት ሜኑ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ ቀድሟችሁ እየተነሣ ካስቸገረ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉት። የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ምረጡ። ፍላሹ ተመርጦም በደህንነት ምክንያት አይነሣም የሚል ጽሑፍ ከመጣ ባዮስ ውስጥ «ሴኪዩር ቡት»ን አጥፉ። ሚንት በርቶም ይነሣል፤ እንደ አንቲኤክስ ያሉት ግን መጥፋቱን ይፈልጋሉ።

ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈና ዊንዶውሱንም ለማቆየት ያሰባችሁ ከሆነ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻውን ቁልፍ ጽፋችሁ ያዙ። ሴኪዩር ቡት ሲቀየር ያን ቁልፍ ይጠይቃል።

7. ሳትጭኑ ሞክሩት

ከሁሉም ደረጃ የምወደው ይህን ነው። አሁን ሊኑክሱ ከፍላሹ ላይ እየሠራ ነው፤ ዲስካችሁን ገና አልነካውም። «ላይቭ» ይሉታል። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ብታጠፉ በኋላ ብዙ ምሬት ይቀርላችኋል።

ዋይፋይ አገናኙ። ቪዲዮ ከፍታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ኢርፎን ሰክታችሁም ስሙ። የስክሪኑን ብርሃን ጨምሩና ቀንሱ። ታችፓዱን በሁለት ጣት ወደላይና ወደታች አንሸራትቱ። ካሜራውን ክፈቱ። በመጨረሻ ክዳኑን ዝጉና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ክፈቱት፤ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ከእንቅልፍ አይነቁም፣ ይህን ደግሞ ከመጫን በፊት ማወቅ ይሻላል።

ፍጥነቱን ግን እዚህ አትፍረዱበት። ፍላሽ ዘገምተኛ ስለሆነ ሁሉም ነገር ሲጫን ከሚኖረው ይዘገያል።

ዋይፋይ የሚባል ነገር ጨርሶ ካልታየ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ብሮድኮም የሚባለው ቺፕ ነው፤ ሾፌሩ (ድራይቨሩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም) ለብቻው ይጫናል። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ፤ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ያገኛል። ከዚያ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማናጀር»ን ክፈቱና የሚያቀርብላችሁን ጫኑ።

አሁን ደግሞ የዲስኩን ጤና እዩ። ሚንት ውስጥ «ዲስክስ» የሚል ፕሮግራም አለ። ዲስካችሁን መርጣችሁ ከሜኑው «ስማርት ዳታ» የሚለውን ክፈቱ። «ሪአሎኬትድ ሴክተር» ወይም «ፔንዲንግ ሴክተር» ከሚሉት ጎን ከዜሮ በላይ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ካለ ዲስኩ እየሞተ ነው። እሱ ላይ መጫን ድካም ነው፤ መጀመሪያ ዲስኩ ይቀየር።

ዲስክ ለመቀየር ከወሰናችሁ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ተኩት። ባየሁት ሁሉ ያረጀን ማሽን የዚህን ያህል የሚያነቃቃው ነገር የለም። ሃርድ ዲስኩ ፋይሉን ለማግኘት መርፌውን ወዲህና ወዲያ ማንቀሳቀስ አለበት፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ላፕቶፖች በአብዛኛው የሚወስዱት 2.5 ኢንች የሆነውን የሳታ ዓይነት ነው።

8. ጫኑ

ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል» የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቃል። ሚንት ላይ የመልቲሚዲያ ኮዴኮች ልጫን ወይ ሲል እሺ በሉ፤ አለበለዚያ አንዳንድ ቪዲዮና ሙዚቃ አይከፈትም።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ዲስኩን አጽድቼ ልጫን ወይስ ከዊንዶውስ ጎን? አሮጌና ትንሽ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ማጽዳቱን እመርጣለሁ። ሁለቱ አንድ ጠባብ ዲስክ ተካፍለው ሁለቱም ይጨናነቃሉ። ለሚንት ቢያንስ 20 ጊጋባይት ያስፈልጋል፤ አምራቾቹ የሚመክሩት ግን 100 ነው። ዊንዶውስ የግድ ይኑር ካላችሁ ቀድማችሁ እዚያው ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ። እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን ግማሽ እንደተከፈተ ይተወዋል፤ ሊኑክስ በኋላ እዚያ ላይ መጻፍ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን መርጣችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ መመለሻ የለም። እጃችሁን ከማውዙ ላይ አንሡና የምትኬ ዲስኩ የት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ቀጥሉ።

የምትሰጡትን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠየቃል። ሲጨርስ ሪስታርት ይላል፤ ፍላሹን ንቀል እስኪላችሁ ድረስ አትንቀሉ።

9. የመጀመሪያው ቀን

መጀመሪያ ማሻሻያዎቹን በሙሉ ጫኑ። ከዚያ «ታይምሺፍት»ን ክፈቱና የስርዓቱን ቅጂ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ አንድ ቀን ማሻሻያ ቢያበላሽባችሁ ወደ ትናንትናው ትመለሳላችሁ። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ከሁለት ቅጂ በላይ እንዳያከማች አድርጉ፤ ሳይታሰብ ቦታውን ይሞላዋል።

ራሙ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ከሆነ ዚራምን ጫኑ። ራም ውስጥ ያለውን አጨማምቆ ቦታ ይፈጥራል። ዘገምተኛውን ዲስክ ከመነካካት ይህ በጣም ይፈጥናል። ሚንት ላይ «ሲናፕቲክ» በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ውስጥ ዚራም ኮንፊግ ብላችሁ ፈልጉ፤ ከተጫነ በኋላ ሪስታርት ማድረግ ብቻ ነው።

ኤክስኤፍሲኢ ላይ «ዊንዶው ማናጀር ትዊክስ» ውስጥ «ኮምፖዚተር» የሚለውን አጥፉ። የመስኮቶቹ ጥላና ብርሃን ይቀራል፤ ያረጀው የግራፊክስ ቺፕ ግን እፎይ ይላል። ማሽኑ ሲነሣ አብረው የሚነሡትንም የማትፈልጉ ከሆነ አስወግዱ፤ ብሉቱዝ የሌለው ላፕቶፕ ላይ የብሉቱዝ ፕሮግራም ምን ይሠራል?

ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ጨምሩ። ማስታወቂያው ሲቀር ገጹ ይቀላል፤ አሮጌ ማሽን ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በአንድ ጊዜ ከአምስት ታብ በላይ አትክፈቱ።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ እና ኤም17ኤን የሚባሉትን ጥቅሎች ጫኑና ከግቤት ዘዴዎቹ ውስጥ አማርኛ ሴራን ጨምሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ድምፁ ትመታላችሁ፣ ፊደሉ በግዕዝ ይወጣል። ፊደሎቹ በሳጥን ከታዩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚለውን ፎንት ጫኑ።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ሁሉም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። አንድ ጊዜ ይህን ይዛ የመጣች እህት ሊኑክሱ ተበላሽቷል ብላ ነበር። የስክሪኑን ጥግ ስናይ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ይላል። ድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬታቸው የሚያገለግልበት ጊዜ አለው፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት የሩቅ ዘመን ላይ ከቆመ ሁሉም ልክ ያልሆነ ይመስለዋል። ማሻሻያውም በዚሁ ምክንያት እምቢ ይላል። ቀኑን አስተካከልን፣ ተከፈተ። በማግስቱ ተመልሶ 2009 ሆነ። መፍትሔው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ መቀየር ነበር።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከፍላሹ ሲነሣ በሚመጣው ሜኑ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። የግራፊክስ ሾፌሩ ነው የሚያስቸግረው።

መጫኛው ዲስኩን አያየውም። ባዮስ ውስጥ የሳታ ሁኔታ «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት። ዊንዶውሱን ለማቆየት ያሰበ ሰው ግን ይህን ሳይዘጋጅ አይንካ፤ ዊንዶውሱ ላይነሣ ይችላል።

ተጭኖ አልቆ «ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም» ይላል። ብዙ ጊዜ ፍላሹ በአንድ መንገድ ተነሥቶ ማሽኑ በሌላ መንገድ ስለሚነሣ ነው፦ አንዱ በአሮጌው ባዮስ፣ ሌላው በዩኢኤፍአይ። ባዮስ ውስጥ አንዱን ብቻ አድርጉና ፍላሹንም በዚያው አስነሥታችሁ እንደገና ጫኑ።

ዊንዶውስና ሊኑክስ ሰዓታቸው ይለያያል። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ የዓለም አቀፉን። ሊኑክሱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይበቃል።

የወረደ ኢኤክስኢ ፋይል አይከፈትም። እሱ የዊንዶውስ ነው። ፕሮግራም የምትጭኑት «ሶፍትዌር ማናጀር» ከሚለው ነው። የዎርድና የኤክሴል ሰነዶችን ሊብረ ኦፊስ ይከፍታቸዋል፤ አቀማመጡ ትንሽ ሊዛነፍ ስለሚችል ለሌላ ሰው ስትልኩ በፒዲኤፍ አውጡት።

ፍላሹን ሲጨርሱ ፎርማት የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። አንድ ጠዋት ማሽኑ አልነሣ ቢል በዚያው ፍላሽ አስነሥታችሁ ፋይላችሁን ታወጣላችሁ፣ በታይምሺፍትም ትመልሱታላችሁ።